የመስቀል ሰሞን የማይወድቅ የትኬት ሲስተም እንዴት ይገንባ?

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ለአገር አቋራጭ አውቶቡሶች ትኬት የሚሸጥ ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ አለን። ሲስተሙን የተረከብነው ከሌላ ቡድን ነው። ፕሮግራመሮቹ ሁለት ብቻ ነን። ሁሉም ነገር ያለው ፍራንክፈርት በተከራየነው አንድ ቨርቹዋል ማሽን (የአንድ ትልቅ ሰርቨር ክፋይ) ላይ ነው። ድረ ገጹ እዚያ፣ ፖስትግሬስ ዳታቤዙ እዚያ፣ ተሳፋሪ የሚጭነው የመታወቂያ ፎቶ እዚያ፣ የሌሊቱ ባክአፕም (መጠባበቂያ ቅጂው) እዚያው ዲስክ ላይ።

አብዛኛውን ዓመት ይህ ይበቃል። መስቀል ሲደርስ ግን ሌላ ነው። አዲስ አበባ ያለው የጉራጌ ልጅ ወደ አገሩ ይነሳል። ወልቂጤ፣ ቡታጅራ፣ እምድብር በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሸጣሉ። ዘንድሮ ልክ በዚያ ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ፣ ማሽናችን የተቀመጠበት አካላዊ ሰርቨር ተበላሸ። ሲስተሙ እስኪነሳ ሰዓታት አለፉ። የከፋው ከተነሳ በኋላ የመጣው ነው። በሞባይል ገንዘብ ከፍለው ወንበር ያላገኙ ሰዎች አሉ። አንድ ወንበር ለሁለት ሰው የተሸጠበትም አለ። አንዲት እናት ሁለት ሕፃናት ይዛ መናኸሪያ ቆማ የክፍያውን መልእክት ስታሳየን ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር።

ለሚቀጥለው መስቀል መልሰን መገንባት እንፈልጋለን። አንዱ ኩበርኔቲስ (ብዙ ማሽን በአንድ ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ይለናል፣ ሌላው ሁለት ክላውድ (ከሁለት ድርጅት የሚከራይ ሰርቨር) ይለናል፣ ሌላው ሰርቨሩን ኬፕታውን አድርጉት፣ ይቀርባችኋል ይላል። በጀታችን ትንሽ ነው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ ያው የዶላር ሂሳብ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከየት እንጀምር?

ሌሊት_ተረኛ ጽፏል፦

ወንድሜ፣ አይዞህ። መፍትሔው የታወቀ ችግር ነው። ኩበርኔቲስን ለጊዜው እርሳው። ሁለት ሰው ሆናችሁ እሱን ራሱን ስትጠብቁ ትከርማላችሁ።

እኔ ብሆን አንድ ወረቀት አወጣና ሲስተሙ የሚደገፍበትን ነገር ሁሉ እጽፋለሁ። ማሽኑ፣ ዲስኩ፣ ዳታቤዙ፣ የዶሜን ስሙ፣ ሰርተፊኬቱ፣ የክፍያ ድርጅቱ፣ ኤስ ኤም ኤስ የሚልክላችሁ ድርጅት። ከእያንዳንዱ ጎን አንድ ጥያቄ አደርጋለሁ፦ ይህ አሁን ቢሞት ተሳፋሪው ምን ያያል? መልሱ "ትንሽ ይዘገይበታል" ከሆነ እለፈው። "ሁሉም ይቆማል" ከሆነ ሥራህ እዚያ ነው። አሁን የእናንተ ወረቀት ላይ መስመሩ ሁሉ የሚያልቀው አንድ ማሽን ላይ ነው። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ምሳሌዬን በአማዞን አደርገዋለሁ፣ በየቀኑ የምሠራው በእሱ ስለሆነ። የሌሎቹም አሠራር ይቀራረባል። ፍራንክፈርት የሚባለው ሪጅን (ዳታ ሴንተሮቹ ያሉበት አካባቢ) በውስጡ ሦስት ዞን አለው። ዞን ማለት የራሱ መብራት፣ የራሱ ማቀዝቀዣ፣ የራሱ ኔትወርክ ያለው አንድ ወይም ከዚያ በላይ ዳታ ሴንተር ነው። ዞኖቹ ተራርቀዋል፤ ግን ሁሉም በ100 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ናቸው። አንዱ ቢቃጠል ሌላው ይተርፋል። ዳታቤዝ ከአንዱ ወደ ሌላው ወዲያው ለመገልበጥ ግን ርቀቱ አያስቸግርም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዳታቤዙን ከማሽኑ አውጣው። አር ዲ ኤስ (የአማዞን የዳታቤዝ አገልግሎት) ላይ በሁለት ዞን እንዲሠራ አድርገህ ክፈተው። የምትጽፈው ነገር በሁለቱም ዞን ሳይሰፍር "ተመዝግቧል" አይልህም። ዋናው ሲሞት ተጠባባቂው ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረከባል። ፎቶዎቹን ወደ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) አውጣቸው። የተጠቃሚው ሴሽንም (ማን እንደገባና ምን ላይ እንዳለ የሚይዘው መረጃ) በማሽኑ ሜሞሪ ውስጥ አይቀመጥ፤ ዳታቤዝ ወይም ሬዲስ የሚባል ፈጣን ማከማቻ ውስጥ ይሁን። ይህን ስትጨርስ ድረ ገጹን የሚያሠራው ማሽን የራሱ የሆነ ምንም ነገር የለውም። ቢሞት የሚጠፋ የለም፣ ሌላ ይነሳል። ያኔ በሁለት ዞን ሁለት ማሽን ታቆማለህ፣ ከፊታቸው ሥራውን የሚያከፋፍላቸው ሎድ ባላንሰር ታደርጋለህ።

ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ ነገር አለ። ሁለት ማሽን ኖሮህ እያንዳንዳቸው 80% ከተጫኑ፣ አንዱ ሲሞት የተረፈው 160% ሊሸከም ነው። እሱም ይከተላል። በመስቀል ሰሞን አንዱ ብቻውን ሁሉን መቻል አለበት። በሦስት ዞን ሦስት ብታቆም ሂሳቡ ይቀልልሃል፤ አንዱ ሲሄድ ሁለቱ ይካፈሉታል።

ቁጥር ከፈለግህ ይኸው። አማዞን ለአንድ ብቸኛ ኢሲ2 (የሚያከራየው ቨርቹዋል) ማሽን የሚገባልህ ውል ከወሩ ጊዜ 99.5% እንዲሠራ ነው። በወር ወደ 3 ሰዓት ተኩል ቢጠፋ ውሉን አላፈረሰም። በተለያዩ ዞኖች ለዘረጋኸው የሚገባልህ 99.99% ነው፤ በወር 4 ደቂቃ ገደማ። ደግሞ ውሉ ሲፈርስ የምታገኘው ከሂሳብህ ላይ ቅናሽ ነው። ያቺን እናት ወንበር ላይ አያስቀምጣትም።

አሽበርን_ፈረቃ ጽፏል፦

እኔ ፕሮግራመር አይደለሁም። ቨርጂኒያ፣ አሽበርን አካባቢ ዳታ ሴንተር ውስጥ የማታ ፈረቃ ቴክኒሻን ነኝ፤ ከአሌክሳንድሪያ ነው የምመላለሰው። ከዚህ ወገን የሚታየውን ልንገራችሁ።

ረዥም መተላለፊያ ነው። በግራና በቀኝ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ላይ ሰርቨር፣ ሰርቨሩ ውስጥ ዲስክ። በማራገቢያው ጩኸት የተነሳ ጆሮ ሳይሸፈን አይገባም። ከፊት ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከኋላ ትኩስ ይወጣል። ፈረቃ ስገባ የሥራ ትእዛዝ ይጠብቀኛል፦ ይህ መደርደሪያ፣ ይህ ሰርቨር፣ ይህ ዲስክ። ሄጄ አየዋለሁ፤ ከአረንጓዴዎቹ መሃል አንዷ መብራት ብርቱካናማ ሆናለች። ማቀፊያውን ተጭኜ ዲስኩን እስበዋለሁ። አዲሱን ቀጭ እስኪል እገፋዋለሁ። ቁጥሩን በስካነር አስነብቤ መብራቷ አረንጓዴ ስትሆን ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ይህ የአደጋ ቀን አይደለም፣ ተራ ማክሰኞ ነው። ዲስክ ይሞታል፣ ሜሞሪ ይሞታል፣ ፓወር ሰፕላይ ይሞታል። ደንበኛው የማይሰማው ከላይ ያለው ሶፍትዌር ያንን አንድ ዲስክ ብቻውን ስላላመነው ነው።

ሕንፃም ይሞታል። ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ፣ የኦቪኤች (ሰርቨር የሚያከራይ ድርጅት) ዳታ ሴንተር ሲቃጠል ኤስቢጂ2 የሚባለው ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። ጎረቤቱ ኤስቢጂ1 በከፊል ተቃጠለ። ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ዋናውንም ቅጂውንም በአንድ ሌሊት አጡ።

የወልቂጤ_መንገድ፣ "ባክአፑም እዚያው ዲስክ ላይ" ብለህ የጻፍከውን ሳነብ ደነገጥኩ። ሌላውን ሳትጀምር ዛሬ ማታ እሱን አውጣ።

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

አመሰግናለሁ ጋሼ። ማታውኑ ወጥቷል፣ አሁን ሌላ ሪጅን ላይ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዳታቤዙ በሁለት ዞን ከተባዛ ባክአፕ ለምን ያስፈልጋል? አለቃችን "ሁለት ጊዜ ለምን እንከፍላለን?" እያሉ ነው።

ሠንጠረዥ ጽፋለች፦

ያስፈልጋል ወንድሜ፣ በጣም ያስፈልጋል። ለአለቃህ እንዲህ በላቸው፦ ተጠባባቂው ዳታቤዝ ዋናው ያደረገውን ሁሉ ይደግማል። አንድ ሰው ድካም ላይ ሆኖ መስፈርት የሌለው የስረዛ ትእዛዝ ቢልክ ትኬቱ በሁለቱም ዞን በእኩል ፍጥነት ይጠፋል። ተጠባባቂው ከማሽን ሞት ያድናል። ከሰው እጅ የሚያድነው ባክአፕ ነው።

የጊትላብን (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ታሪክ ብታነብላቸው ደግሞ ጥሩ ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ መሐንዲሳቸው ማታ የዳታቤዝ ቅጂ ችግር ሲያስተካክል፣ ተጠባባቂው ላይ ያለ መስሎት የዋናውን ዳታ ሰረዘ። ሲያቆመው ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ነበር። ወደ ባክአፕ ሮጡ። ኤስ3 ላይ የነበረው ማስቀመጫ ባዶ ነው። ዳታቤዙ የፖስትግሬስ 9.6 ሥሪት ሆኖ ባክአፕ የሚወስደው መሣሪያ 9.2 ስለነበር ባክአፑ ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይል ደግሞ በዲማርክ (የኢሜይል ላኪን ማንነት በሚያጣራው) ፍተሻ እየተመለሰ ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው ከ6 ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። የ6 ሰዓቱ ዳታ ግን ጠፋ። እኔ እነዚህን ሰዎች አከብራለሁ፤ ሁሉንም በአደባባይ ስለጻፉት ነው ዛሬ እዚህ የምናወራው።

በሥራ ቦታዬ የምናደርገውን ልንገርህ። በየሳምንቱ አንድ ፕሮግራም በራሱ ጊዜ አዲሱን ባክአፕ ያነሳና ባዶ ዳታቤዝ ላይ መልሶ ይጭነዋል (ሪስቶር ያደርገዋል)። ከዚያ የትናንቱን ግብይት ይቆጥራል። ቁጥሩን ዋናው ላይ ካለው ጋር ያነጻጽርና ውጤቱን በስልካችን ይልካል። ቢሠራም ይልካል፣ ባይሠራም ይልካል። መልእክቱ ከቀረ ያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው።

አር ዲ ኤስ እስከ 35 ቀን ወደኋላ ይይዝልሃል። በዚያ ውስጥ ወደ ፈለግኸው ሰከንድ መመለስ ትችላለህ፤ ልክ እስካሁኗ ደቂቃ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5 ደቂቃ በፊት ድረስ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ሪስቶር ሲደረግ የሚነሳው አዲስ አድራሻ ያለው አዲስ ዳታቤዝ ነው እንጂ አሮጌው ላይ አይጻፍም። በጭንቅ ሰዓት ይህን ማወቅ ብዙ ደቂቃ ያድናል። አንድ ቅጂ ደግሞ በሌላ አካውንት፣ በሌላ የይለፍ ቃል ይቀመጥ። አንዱ ቁልፍ ቢሰረቅ ሁለቱም በር አይከፈት።

አለቃህን ሁለት ነገር ለየብቻ ጠይቃቸው። አደጋ ቢመጣ የስንት ደቂቃ ሽያጭ ቢጠፋ ይችላሉ? ለስንት ሰዓት መዘጋትስ ይችላሉ? በጀቱ የሚወሰነው በእነዚህ ሁለት መልሶች ነው።

ሁለት_ሰማይ ጽፏል፦

የተባለው ሁሉ ጥሩ ነው። ግን ሁላችሁም አንድ ድርጅት፣ አንድ ሪጅን ላይ ነው ያላችሁት። ኦክቶበር 20 ቀን 2025 የሆነውን ረሳችሁት? የአማዞን ሰሜን ቨርጂኒያ ሪጅን ሲታመም የዓለም ግማሽ መተግበሪያ ነው የቆመ የመሰለው። ዞን ማብዛት አላዳናቸውም። ዩኒሱፐርንም ተመልከቱ። ሜይ 2024 የአውስትራሊያው የጡረታ ፈንድ ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሲስተሙ በቅንብር ስህተት ተሰረዘ። ሁለት ቦታ አስቀምጦት ነበር፤ ሁለቱም ቦታ ጠፋ። እኔ ከጅምሩ ሁለት ክላውድ ነው የምለው።

ሌሊት_ተረኛ ጽፏል፦

ፍርሃትህ ትክክል ነው፣ ሁለቱም ምሳሌ እውነት ነው። መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም።

የኦክቶበሩ ምን ነበር? ዳይናሞ ዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ አድራሻ የሚያድሰው አውቶማቲክ ሲስተም ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተሽቀዳደሙና የዲ ኤን ኤስ (የኢንተርኔት አድራሻ ማውጫው) መዝገቡ ባዶ ሆኖ ቀረ። ሰርቨሮቹ ደህና ናቸው፤ አድራሻቸውን የሚያውቅ ግን የለም። በዚያ ላይ የተደገፉት ሌሎች አገልግሎቶች ተከታትለው ወደቁ። በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የኤስ3 መውደቅም እንዲሁ ነው። ጥቂት ሰርቨር ለማውጣት የተሰጠ ትእዛዝ በተሳሳተ ቁጥር ብዙ ሰርቨር አወጣ። የአገልግሎቱን ሁኔታ ለደንበኛ የሚያሳየው ገጽ ራሱ ኤስ3 ላይ ስለተደገፈ መጀመሪያ ላይ ችግሩን ማሳየት እንኳ አልቻለም። ስለዚህ ለተሳፋሪዎቻችሁ "ሲስተማችን ተቋርጧል" የምትሉበት ገጽ ከዋናው ሲስተም ውጭ ይሁን። ይህ ርካሽ ነው፣ ዛሬ ይሠራል።

ሁለት ክላውድ ላይ በአንድ ጊዜ መሸጥ ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ወንበር በሁለት ክላውድ በአንድ ሰከንድ ቢሸጥ ማን ይወስናል? ያንን የሚያስታርቅ ሲስተም መገንባት አሁን ካለባችሁ ችግር ሁሉ ይበልጣል። ሁለት ሰው ደግሞ ሁለት ክላውድ በደንብ አያውቅም።

ዩኒሱፐርን ምን እንዳዳነው ደግሞ አብረን እናንሳ። በሌላ ድርጅት ዘንድ ያስቀመጠው ባክአፕ ጭምር ነው። ያንን ውሰዱ። በአንድ ሪጅን ሽጡ፣ ባክአፑን በሌላ ድርጅት አስቀምጡ፣ ከባዶ የማንሻውን ስክሪፕት ጽፋችሁ ሞክሩት። ሪጅኑ ቢወድቅ በግማሽ ቀን ትነሳላችሁ። ለትኬት ይህ ይበቃል እላለሁ።

ሁለት_ሰማይ ጽፏል፦

በወንበሩ ጉዳይ አሳመንከኝ። ባክአፑ በሌላ ድርጅት ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

ሒሳብ_አስታራቂ ጽፋለች፦

እስካሁን የተወራው ስለ ማሽን ነው። እናትየዋን መናኸሪያ ያስቆማት ግን በክፍያውና በወንበሩ መካከል ያለው ክፍተትም ጭምር ነው። ሥራዬ የሞባይል ክፍያን ከነጋዴዎች ሲስተም ጋር ማገናኘት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

ተሳፋሪው "ክፈል" ይጫናል። የሚስጥር ቁጥሩን ያስገባል። በዚህች ቅጽበት ኔትወርክ ይጠፋል። ስክሪኑ ይሽከረከራል። ብሩ ተቆርጧል ወይስ አልተቆረጠም? እሱ አያውቅም፣ የእናንተ ሰርቨርም አያውቅም። ስለዚህ እንደገና ይጫናል። እኔም ብሆን እጫናለሁ።

መድኃኒቱ ገና ወንበር ሲመርጥ ልዩ የትእዛዝ ቁጥር ፈጥሮ ዳታቤዝ ላይ መጻፍ ነው፤ የክፍያ ጥያቄው ሳይላክ በፊት። ሁለተኛውም ሦስተኛውም ጭነት ያንኑ ቁጥር ይዞ ይሂድ። የክፍያ ድርጅቱ በዚያ ቁጥር አንዴ ከቆረጠ ሁለተኛ እንዳይቆርጥ መሆኑን በሙከራ አካባቢያቸው ራሳችሁ አረጋግጡ፤ በወረቀት አትመኑ።

ከእነሱ የሚመጣው "ተከፍሏል" የሚል መልእክት ሁለቴ ሊመጣ ይችላል። ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል። ጭራሽ ሊቀርም ይችላል። ሁለቴ ሲመጣ በትእዛዝ ቁጥሩ ታዩታላችሁ፤ ቀድሞ ከተመዘገበ "ደርሶኛል" ብላችሁ ትመልሳላችሁ እንጂ ሁለተኛ ትኬት አትቆርጡም። ሲቀር ደግሞ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ። በየደቂቃው መልስ ያላገኙ ትእዛዞችን እያነሳ "ይህ ከምን ደረሰ?" የሚል ትንሽ ፕሮግራም ይኑራችሁ። ሲስተማችሁ ሰዓታት ጠፍቶ ሲነሳ ከሁሉም በፊት መሮጥ ያለበት እሱ ነው። ሽያጭ የሚከፈተው እሱ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ኮዱ "ባዶ ነው ወይ?" ብሎ ጠይቆ ከዚያ እንዳይጽፍ። በመጠየቁና በመጻፉ መካከል ሌላ ሰው ይገባል። ማሽኖቹ ሁለት ሲሆኑ ይህ ይብሳል። የጉዞና የወንበር ቁጥር አንድ ላይ እንዳይደገሙ የሚከለክል ዩኒክ ገደብ ዳታቤዙ ላይ አድርጉ። ያኔ ሁለተኛውን ገዢ ዳታቤዙ ራሱ ይመልሰዋል፤ ፕሮግራመሩ ቢረሳም ይመልሰዋል።

ወንበር ለ10 ደቂቃ ተይዞ ካልተከፈለ ይለቀቅ እንበል። ክፍያው በ11ኛው ደቂቃ ቢመጣስ? ይመጣል፣ አትጠራጠሩ። ወንበሩ ገና ካልተሸጠ ስጡት። ከተሸጠ "ተከፍሏል፣ ወንበር የለም" በሚል ሁኔታ ይመዝገብና ወዲያው ለደንበኛ አገልግሎት ሠራተኛ ይታይ። በሌላ አውቶቡስ ይሂድ ወይም ብሩ ይመለስለት። የሰው ብር ስም ሳይሰጠው ማደር የለበትም።

የክፍያ ድርጅቱ ሲዘገይ ደግሞ አትደብድቡት። ጥሪው ሁሉ ታይምአውት (መልስ የሚጠብቅበት የጊዜ ገደብ) ይኑረው። ሲከሽፍ 1 ሰከንድ ጠብቁ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 4። በዚያ ላይ የዘፈቀደ ትንሽ ጭማሪ አድርጉበት፤ ያለዚያ ማሽኖቻችሁ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ተመልሰው ሊነሳ የሞከረውን መልሰው ይጥሉታል። ደጋግሞ ከከሸፈ ለተወሰነ ደቂቃ ጥሪውን አቁሙና ለተሳፋሪው እውነቱን ንገሩት፦ "ወንበርዎ ተይዟል። ክፍያ ለጊዜው አይሠራም። ሲመለስ መልእክት እንልክልዎታለን።" ከሚሽከረከር ስክሪን ይህ ዓረፍተ ነገር ይሻላል።

ካዛንቺስ_ኔትወርክ ጽፏል፦

የኬፕታውኑ ጥያቄ ሳይመለስ እንዳይቀር። ካርታ ላይ መቅረብ ኬብል ላይ መቅረብ አይደለም። እኛ ወደብ የለንም። ትራፊካችን በዋናነት በጅቡቲ በኩል ወጥቶ የባሕር ኬብል ይይዛል፤ ብዙው ከዚያ ወደ አውሮፓ ነው። ስለዚህ ከመወሰንህ በፊት ከራስህ ስልክ፣ ከተለያዩ ሲም ካርዶች፣ በተለያየ ሰዓት ለካ። ኬፕታውንም ሦስት ዞን አለው፤ ከፍጥነቱ ሌላ ዋጋውንም አነጻጽር።

ኬብሉም ይቆረጣል። በ2024 መጀመሪያ ቀይ ባሕር ውስጥ ኤኤኢ-1፣ ኢአይጂ እና ሲኮም የሚባሉት ኬብሎች ተጎዱ። በዚያው ዓመት ሜይ 12 ቀን ኢሲ (EASSy) የሚባለው ኬብልና ሲኮም በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ተቆርጠው ብዙ አገር ኢንተርኔቱ ተንቀራፈፈ። ሪጅን መምረጥ ይህን አይፈታም።

ስለዚህ መናኸሪያውን አስቡ። የአውቶቡሱ ረዳት በር ላይ ቆሞ ትኬት ሲያጣራ ስልኩ ሰርቨር ካልጠየቀ የማይሠራ ከሆነ፣ ክላውዱ 99.99% ቢሆንም አውቶቡሱ አይንቀሳቀስም። ከመነሻው በፊት ባለው ማታ የተሳፋሪው ዝርዝር ስልኩ ላይ ይውረድለት። ትኬቱ ላይ ያለው ኪው አር ኮድ በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ይሁን፤ ያኔ ስልኩ ያለ ኢንተርኔት ትክክለኛነቱን ያጣራል። ማን እንደገባ እዚያው ይመዝግብ፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይላክ። ለተሳፋሪውም ትኬቱ በኤስ ኤም ኤስ ይድረሰው። እኔ በበኩሌ ከሁለተኛው ዞን በፊት ይህን ነበር የምሠራው።

ዱባይ_ሰርቨር ጽፏል፦

ማንም ያላነሳው አንድ ነገር ልጨምር። የክላውዱን ሂሳብ የሚከፍለው ካርድ የማን ነው? ብዙ የአገራችን ጀማሪ ድርጅቶች ውጭ ባለ ዘመድ ካርድ ነው የሚከፍሉት። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ወይም ዘመድየው ባንክ ሲቀይር ማሳሰቢያው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይሄዳል። ከዚያ አካውንቱ ይታገዳል። ሦስቱም ዞን በአንድ ጊዜ ይዘጋል።

ሁለተኛ የክፍያ መንገድ አስገቡ። የዋናው አካውንት ኢሜይል የድርጅቱ ይሁን፣ የግለሰብ አይሁን። የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫውም በሁለት ሰው እጅ ይኑር። የዶሜን ስሙ የሚታደስበትን ቀንም እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉት።

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። የካርዱ ነገር ልክ እንደተባለው ነበር፤ ተስተካክሏል። አሁን አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ሎድ ባላንሰሩ ማሽኑ ጤነኛ መሆኑን በምን ይወቅ? ዳታቤዙንም አብሮ ይፈትሽ?

ሌሊት_ተረኛ ጽፏል፦

ሎድ ባላንሰሩ የሚጠይቀው ገጽ ዳታቤዙን ባይነካ ይሻላል። ለምን ብትል፣ ዳታቤዙ ለ1 ደቂቃ ወደ ተጠባባቂው ሲሻገር ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ "ታምሜአለሁ" ይላል። ማሽኖቹ ጤነኞች ሆነው ሳለ እየተገደሉ እንደ አዲስ ይነሳሉ። የ1 ደቂቃው ችግር የ20 ደቂቃ ይሆናል። ለሎድ ባላንሰሩ "ፕሮግራሙ ይመልሳል ወይ?" የሚለው ይበቃል። በነባሪ ቅንብሩ በየ30 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ ሁለቴ ከከሸፈ ያስወጣዋል። አንተ ልታጥረው ትችላለህ።

ዳታቤዙን የሚነካው ጥልቅ ፍተሻ ለእናንተ ስልክ ይሁን። ከክላውዱ ውጭ ያለ አንድ ፕሮግራም እንደ ተሳፋሪ ሆኖ በየጥቂት ደቂቃው የሙከራ ጉዞ ይፈልግ፣ ወንበር ይያዝ፣ ይልቀቅ። ሲያቅተው ይደውልላችሁ። ከደንበኛ ስልክ መስማት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሼ መጣሁ፤ የደረስንበትን ልንገራችሁ።

ዳታቤዙ በሁለት ዞን ነው። ማሽኖቹ በሦስት ዞን ሦስት ናቸው፤ ትንንሾች ስለሆኑ ወጪው አላስደነገጠም። ዩኒክ ገደቡ ገብቷል። የክፍያ ጠያቂው ፕሮግራምም ይሮጣል፤ መጀመሪያ በሮጠበት ዕለት ከመስቀል ጀምሮ ተንጠልጥለው የቆዩ ክፍያዎች አገኘልን። ለሁሉም ተመልሶላቸዋል።

እሑድ ጠዋት፣ ገዢ በሌለበት ሰዓት፣ ሆን ብለን መግደል ጀመርን። መጀመሪያ አንዱን ማሽን አጠፋነው። ምንም አልሆነም፤ ጥቂት ጥያቄ ከሸፈና ሌሎቹ ቀጠሉ። ቀጥሎ ዳታቤዙ ወደ ተጠባባቂው እንዲሻገር አስገደድነው። ዳታቤዙ በተባለው ጊዜ ተሻገረ፣ ድረ ገጹ ግን አልተነሳም። ሎጉን ስናይ ማሽኖቹ አሁንም የሞተውን ዳታቤዝ መልስ እየጠበቁ ነው። ግንኙነቱ ክፍት ይመስላቸዋል። ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት አለ ወይ ብሎ ሊኑክስ መፈተሽ የሚጀምረው በነባሪ ቅንብሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ነው ለካ! የግንኙነት ታይምአውት አስገባን፣ የኪፕአላይቭ (ያ ፍተሻ የሚጀምርበትን) ጊዜውን ወደ ሰከንዶች አወረድነው። ጃንጎ (ድረ ገጹ የተገነባበት ማዕቀፍ) ከ4.1 ሥሪት ጀምሮ ግንኙነቱን ከመጠቀሙ በፊት የሚፈትሽበት ቅንብር አለው፤ እሱንም ከፈትነው። ደግመን ስንገድለው ዳታቤዙ እንደተረከበ ድረ ገጹም አብሮ ተነሳ።

ይህን ሳንሞክር ብንቀር ለመስቀል ማታ ነበር የምናገኘው።

ሠንጠረዥ ጽፋለች፦

ደስ ሲል! ኔትፍሊክስ ኬኦስ መንኪ በሚባለው ፕሮግራሙ በሥራ ሰዓት የራሱን ማሽኖች በዘፈቀደ የሚገድለው ለዚህ ነው። ሰው ነቅቶ ባለበት ሰዓት እንዲወድቅ። የሪስቶሩ ሙከራስ?

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

በየሳምንቱ ይሮጣል፣ ቁጥሩም ይገጥማል። አለቃችን መልእክቱ ለእሳቸውም እንዲደርሳቸው ጠይቀው አስገብተናቸዋል።

ሌሊት_ተረኛ ጽፏል፦

በጣም ኮርቻለሁ። የቀረችህ አንዲት ነገር፦ ኮታ። የክላውድ አካውንት በአንድ ጊዜ ሊያስነሳ የሚችለው የማሽን መጠን ገደብ አለው፤ አዲስ አካውንት ሲሆን ገደቡ ዝቅተኛ ነው። ጭማሪው በጥያቄ ነው የሚሰጠው፣ ጊዜም ይወስዳል። ለመስቀል የምትፈልገውን ከአሁኑ ጠይቅ። ማሽኖቹንም ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ቀድመህ አስነሳ፤ የመስቀል ቀን የታወቀ ነው፣ አውቶማቲክ መጨመሪያው እስኪነቃ መጠበቅ የለብህም። ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት ደግሞ አዲስ ኮድ አይግባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

የወልቂጤ_መንገድ ጽፏል፦

የኮታው ጥያቄ አሁኑኑ ተልኳል። ከጳጉሜን ጀምሮ አዲስ ኮድ እንደማይገባም ከአለቃችን ጋር ተስማምተናል። አሁን የቀረን ካዛንቺስ_ኔትወርክ ያለው የረዳቶቹ መተግበሪያ ነው። ያለ ኢንተርኔት ትኬት ማጣራቱ ይሠራል፤ ሁለት ረዳቶች በሁለት በር አንድ ትኬት ቢያስገቡ በኋላ እንዴት እንደሚታረቅ እየጻፍን ነው። ስንጨርስ ኮዱን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፤ ትኬት የምትሸጡ ሁሉ ውሰዱት።